ዊንድዘርን በጆሮ

ድሮ ከተማ የሚጎበኘው በእግርና በዓይን ነበር። አሁን በጆሮ ሆኗል። እንግሊዝ አገር ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ብትሄዱ አንድ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ግንብ፣ አንድ ንጉሥ ያደረበት ቤት አይጠፋም፤ በሩ ላይ ደግሞ ሞባይል የሚያህል ዕቃ አንገታችሁ ላይ የሚያንጠለጥልላችሁ ሰው አይጠፋም። ማዳመጫውን ጆሯችሁ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ቁጥር ትጫናላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ የራሳችሁ አዛዥ አይደላችሁም። «ወደ ግራ ዞር ይበሉ» ሲላችሁ ትዞራላችሁ፤ «ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ» ሲላችሁ አርባ ሰው ባንድ ላይ ያንጋጥጣል። ኦዲዮ ጋይድ ይሉታል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1952 አምስተርዳም ውስጥ ስቴድሌክ የሚባለው ሙዚየም የመጀመሪያውን አሠራ። በአንድ ክፍል ቴፕ ይሽከረከራል፤ በየአዳራሹ ዙሪያ የተዘረጋ ሽቦ ድምፁን ያሠራጫል፤ ጎብኚው ትንሽ ሬዲዮ ይዞ በማዳመጫ ይሰማል። ቴፑ አንድ ስለሆነ ሁሉም ሰው እኩል የሚሰማው ያንኑ ነው። ከውጭ ሆኖ ለሚያያቸው፣ አንድም ቃል ሳይሰማ፣ ሰዎቹ የማይታይ እረኛ እንደሚነዳቸው በጎች ከሥዕል ወደ ሥዕል ባንድ ላይ ይሄዱ ነበር። ያኔ የነበሩት ቋንቋዎች አራት ናቸው፤ ደችኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ። ዛሬ ቋንቋው በዝቷል፤ ማዳመጫውም የየግል ሆኗል፤ እረኛው ግን ያው ነው።

እኔ በበኩሌ ዕቃውን አልጠላውም። ፎቶ ለመነሣት ከሚጋፋ ሕዝብ መሐል ሆኖ ብቻን መሆን የሚቻለው በእሱ ነው። ግን ከአገር ቤት አስጎብኚ ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ መከራከር አይቻልም። ላሊበላ ላይ አንድ ዲያቆን «ይህን ያነጹት መላእክት ናቸው» ቢላችሁ፣ «ሁሉንም?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። እሱም ፈገግ ብሎ «ሌሊት ሌሊት፤ ቀን ቀን ሰው ነው የሠራው» ይላችኋል። ጥያቄያችሁ ታሪኩን ወደፊት ገፋው ማለት ነው። የጆሮው ሰውዬ ግን ብትጠይቁትም አይሰማም። የሚያውቀው ጽሑፉን ነው። ጽሑፉ ደግሞ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ተወስኗል። ከሃያ ዓመት በላይ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ሳሰለች የኖርኩባት ጥያቄ እዚህም ተከትላኝ መጣች፤ ተራኪው ማነው? የቆመውስ የት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ዊንድዘርን የሚያህል ከተማ የለም። ከለንደን በስተ ምዕራብ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ቴምስ ወንዝ ዳር፣ አንድ ትልቅ ግንብ እግር ሥር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ወንዙን በእግረኛ ድልድይ ስትሻገሩ ኢተን ነው፤ ሄንሪ ስድስተኛ በ1440 ያቋቋመው፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሲቀፈቀፉበት የኖረ ትምህርት ቤት ያለበት። ግንቡ ውስጥ ገብታችሁ የምትሰሙት ማዳመጫ ከመግቢያው ዋጋ ጋር አብሮ የተከፈለ ነው። አማርኛ እንደሌለው ቀድሞም ገብቶኝ ስለነበር እንግሊዝኛውን ወሰድኩ። ለንደን የምትኖረው የእህቴ ልጅ አብራኝ ነበረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ጽሑፍ ካላነበቡ አያምኑም፤ ዛሬ እስቲ ዝም ብለው ይስሙ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ከግንቡ በፊት ግን ከተማዋን እንያት፤ የአስጎብኚ ወግ እንዴት እንደሚሠራ የሚታየው እዚያ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ጊልድሆል የሚባል የከተማው አዳራሽ አለ። በ1687 ገደማ ተጀምሮ በ1690 ገደማ ያለቀ ነው። ከፎቁ ሥር ክፍት ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ ዓምዶች ቆመዋል፤ መካከል ያሉትን ልብ ብላችሁ ብታዩዋቸው ጫፋቸው ጣሪያውን አይነካም። ወጉ እንዲህ ነው፤ የከተማው ሹማምንት «ፎቁ ይናድብናል፣ ዓምድ ጨምር» ብለው ክሪስቶፈር ሬንን፣ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሠራውን ሰው፣ አስቸገሩት። እሱም እሺ ብሎ ዓምዶቹን አቆመ፤ ግን ምንም እንደማይሸከሙ ለማሳየት ጣሪያው ጋ ሳያደርስ ተዋቸው። ይኸው ሦስት መቶ ዓመት አለፈ፤ ፎቁም አልተናደ። ደስ ይላል። ጥበበኛ ሰው በሹመኛ ላይ ሲስቅ የማይወድ ሕዝብ የለም። ሐቁ ግን ሕንፃውን የጀመረው ሌላ ሰው መሆኑ ነው፤ ሬን የደረሰው ያ ሰው ሲሞት ለመጨረስ ነው። የዓምዱ ወግ ደግሞ ከሰነድ ይልቅ ከአፍ የመጣ ነው። ቢሆንም ማን ሊጥለው? ዓምዱ እዚያው ቆሞ፣ ክፍተቱ እየታየ!

ከአዳራሹ አጠገብ አንድ ሰካራም የመሰለ ቤት አለ፤ ወደ ጎን ጋደል ያለ። እሱም የ1687 ሥራ ነው። ያልደረቀ እርጥብ የኦክ እንጨት ስለተጠቀሙ እንጨቱ ሲደርቅ ቤቱን ጠመዘዘው ይባላል። ከቤቱ ጎን ያለችው መተላለፊያ ደግሞ የንግሥት ሻርሎት መንገድ ትባላለች፤ ሰሌዳዋ ላይ 51 ጫማ ከ10 ኢንች እንደምትረዝምና በብሪታንያ አጭሯ መንገድ እንደሆነች ተጽፏል። ስኮትላንድ ውስጥ ዊክ በሚባል ከተማ ሁለት ሜትር ብቻ የሆነ መንገድ አለ። የዊንድዘር ሰዎች ይህን ሳይሰሙ ቀርተው አይመስለኝም፤ ግን ሰሌዳ አንዴ ከተሰቀለ ማን ያወርደዋል?

ይህን ሁሉ የማወራው ለመሳቅ ብቻ አይደለም። ቅርስ የሚባለው ነገር ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ድንጋዩ አጠገብ የሚነገር ቃል ነው። ቃል የሌለው ድንጋይ ሰው አያቆምም። ሰሌዳ ያለው አጭር መንገድ ፎቶ ይነሣል፤ ሰሌዳ የሌለው መንገድ መንገድ ብቻ ነው።

ወደ ግንቡ። አንደኛው ዊሊያም እንግሊዝን በ1066 ከያዘ በኋላ፣ በ1070ዎቹ፣ ለንደንን በዙሪያዋ ለመጠበቅ ካሠራቸው ምሽጎች አንዱ ነው፤ ያኔ የአፈር ጉብታና የእንጨት አጥር ነበር። ድንጋይ የሆነው በኋላ ነው። በ1992 ኖቬምበር ላይ ተቃጥሎ ከመቶ በላይ ክፍሎች ጉዳት ደረሰባቸው፤ ጥገናው አምስት ዓመት ፈጀ። የታላቁን አዳራሽ ጣሪያ እንደገና የሠሩት በእርጥብ ኦክ ነው፤ ያንን ሰካራም ቤት ባጣመመው ዓይነት እንጨት መሆኑ ነው። ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ። በክፍሎቹ ውስጥ ያለውን ወርቅና መስታወት አልዘረዝርም፤ ቤተ መንግሥት ሁሉ በወርቁና በመስታወቱ ይመሳሰላል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ግን ሌላ ነው። በ1475 ኤድዋርድ አራተኛ አስጀምሮት በ1528 በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ያለቀ ሲሆን፣ ስንገባ ጣሪያው እንደ ተዘረጋ ዘንባባ ነው። ማዳመጫ ያለውም የሌለውም ያንጋጥጣል። ወለሉ ደግሞ መቃብር ነው። አንድ ጥቁር እብነ በረድ ሥር ሄንሪ ስምንተኛ፣ ሦስተኛ ሚስቱ ጄን ሲሞርና በ1649 አንገቱ የተቆረጠው ቻርልስ አንደኛ ባንድ ጉድጓድ ተኝተዋል። ሄንሪ ለራሱ ትልቅ መቃብር ሊያሠራ አስቦ ሳይጨርስ ሞተ፤ ለሱ ተብሎ ተቀምጦ የነበረው ጥቁር ሣጥን ዛሬ ለንደን ውስጥ ያለው አድሚራል ኔልሰን ላይ ነው። ሌላ ሰው ያዘዘውን ሣጥን ሄንሪ ወስዶት፣ ኔልሰን ተኛበት። ንግሥት ኤልሳቤጥም በሴፕቴምበር 19 ቀን 2022 እዚሁ ከአባትዋና ከእናትዋ ጎን ገብታለች። ሕዝቡ የሚሰለፈው ለሷ ነው።

እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው። እዚሁ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ካልፈለጋችሁት የማታዩት፣ አንድ የናስ ሰሌዳ አለ። የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። እዚያ ስደርስ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩት። የተቀዳው ድምፅ ምንም ቢል እዚህ ቦታ ላይ ልሰማው አልፈለግሁም፤ የራሴን ይዤ መጥቼ ነበር።

አንባቢ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ቢያንስ ዳር ዳሩን። የጄኔራል ናፒየር ጦር የታሰሩ አውሮፓውያንን ላስፈታ ብሎ መቅደላ ደረሰ። ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ ሽጉጡ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የስሜኑ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ፣ በሜይ አጋማሽ፣ ትግራይ ውስጥ ሞቱ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። በአንድ ወር ውስጥ አባትም እናትም። ከዚያ በኋላ ልጁ የተጣበቀው ትሪስትራም ስፒዲ በተባለ ግዙፍና ቀይ ጢም ባለው መኮንን ላይ ነው። የኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉታል። ቀደም ሲል ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ነበር። ልጁ ሌሊት ከሱ ሳይለይ ይተኛ ነበር ይባላል። እውነት ለመናገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ለልጁ በቋንቋው የሚያወራ ሰው ባሻ ፈለቀ ብቻ መሆኑን ሳስብ ሰውየውን ለመጥላት ይቸግረኛል።

እንግሊዝ አገር ሲደርሱ ዋይት በምትባለው ደሴት ከንግሥቲቱ ጋር ተገናኘ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ፎቶ አንሺ፣ ፎቶ አነሣችው። ፎቶውን ያየ ሰው ዓይኑን አይረሳም። ከስፒዲ ጋር ሕንድ ድረስ ሄዶ ነበር። ኋላ መንግሥት «ልጁ በወግ መማር አለበት» ብሎ ከስፒዲ ለይቶ ቸልተናም ትምህርት ቤት አስገባው፤ ከዚያ ራግቢ፤ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። አልሆነለትም። መጨረሻ ላይ ሊድስ አጠገብ ሄዲንግሊ አንድ አስተማሪ ቤት ሳለ ታመመ፤ የሳንባ ሽፋን በሽታ ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ንግሥቲቱ ዊንድዘር እንዲቀበር አዘዘች። በማስታወሻዋም ባዕድ አገር ውስጥ ዘመድ አልባ ሆኖ ብቻውን መሞቱ እንዳሳዘናት ጽፋለች። ሐዘኗ የውሸት አይመስለኝም። ብቻውን ያደረገው ማን እንደሆነ ግን እዚያ ላይ አልጻፈችም።

ሰሌዳው ላይ ከስሙና ከዓመቶቹ ጋር ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተወሰደ ቃል አለ፤ እንግዳው ሰው መቀበሉን የሚመሰክርበት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቀድሞ ሥራዬ ነውና ይፈቀድልኝ። የእንግሊዝኛው ቃል «ባዕድ» ወደሚለው ያደላል፤ የማታውቀው፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሰው። የአማርኛው «እንግዳ» ግን ከባዕድነቱ ጋር ውኃና መሶብ ይዞ ነው የሚመጣ። እንግዳ እግሩ ይታጠባል፣ መኝታ ይለቀቅለታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንግዳ ይሸኛል። በኛ ወግ መቀበል ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ መሸኘት ነው፤ እስከ በር፣ እስከ መንገድ፣ ቢቻል እስከ ወንዙ። እንግዳውን ተቀብሎ ያልሸኘ ባለቤት ምን ይባላል? ሰሌዳው በእንግሊዝኛ ሲነበብ የተፈጸመ ምጽዋት ይመስላል። በአማርኛ ሲነበብ ግማሹ ቀርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ጸሎት ቤት የጋርተር ኒሻን ባለቤቶች ጸሎት ቤት ነው፤ ኒሻኑን ኤድዋርድ ሦስተኛ በ1348 ገደማ ያቋቋመው እዚሁ ነው። ኒሻኑ ለውጭ አገር ነገሥታትም ይሰጣል፤ እነዚያ የሚጠሩበት የማዕረግ ስም ያው በሰሌዳው ላይ ያለው ቃል ነው፤ እንግዳ ባላባቶች እንደማለት። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነዚህ አንዱ ሆኑ። አንድ ጸሎት ቤት፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ኢትዮጵያውያን። አንዱ ኒሻኑን አድርጎ ወደ አገሩ ተሸኘ።

«ታዲያ ጋሼ» አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ ቆሜ ሳልነቃነቅ ስትመለከተኝ ቆይታ፣ «ለምን እርስዎ አይጽፉትም? ቁጥር ተሰጥቶት ቢነበብ ምን ይል ነበር?»

ቀልዷን ነበር፤ እኔ ግን ያዝኩት። የሙያው ሕግ የታወቀ ነው። የአንድ ጣቢያ ጽሑፍ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሰው መሄድ ይጀምራል። በረጋ አማርኛ ቢበዛ ሁለት መቶ ቃል። ዓይን ከሚያየው ነገር መጀመር አለበት። ዓመተ ምሕረት ከአንድ ሁለት በላይ አይሸከምም፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው ቁጥር አይዝም። ክስ አይሆንም፤ ሰውየው ከልጆቹ ጋር ሊዝናና የመጣ ነው። ለቅሶም አይሆንም፤ የሚያስለቅስ ድምፅ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ሰው አያለቅስም፣ ያፍራል። ታዲያ ምን ይቀራል? ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ናፕኪን ላይ ጻፍኩ፤ ሆቴሌ ስገባ ገለበጥኩት።

«ከፊትዎ ያለውን የናስ ሰሌዳ ይመልከቱ። እዚህ ላይ ስሙ የተጻፈው ልጅ ዓለማየሁ ይባላል። አባቱ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ፣ እናቱ ጥሩወርቅ ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የእንግሊዝ ጦር የአባቱን ምሽግ መቅደላን ያዘ። አባቱ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጠ። እናቱ ከአንድ ወር በኋላ መንገድ ላይ ሞተች። ጦሩ ልጁን ከመጻሕፍቱና ከዘውዱ ጋር ይዞት መጣ። አሥራ አንድ ዓመት በእንግሊዞች እጅ ኖረ። የሚወደውን ብቸኛ አሳዳጊ ነጥለው ወደ ትምህርት ቤት ላኩት። በአሥራ ስምንት ዓመቱ በ1879 ሞተ። ሰሌዳውን ያሠራችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ልጁ ግን ከሰሌዳው ሥር የለም፤ ከዚህ ሕንፃ ውጭ፣ ከመሬት በታች፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ነው። አገሩ እንዲመለስላት ጠይቃለች።»

የእህቴ ልጅ ጮክ ብላ አነበበችውና ሰዓት ያዘች። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። «ማን ያንብበው?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ናት። ማዳመጫ ውስጥ የሚናገሩት ሰዎች ስም የላቸውም፤ ከየትም የመጡ አይመስሉም፤ ጉልበታቸውም እሱ ነው። «እንደተለመደው እንግሊዛዊ ይሁን» አልኳት። ይህን ጽሑፍ አበሻ ቢያነበው አቤቱታ ይመስላል። እንግሊዛዊ፣ ያንኑ ስለ ጣሪያው ያወራበትን የተረጋጋ ድምፅ ሳይለውጥ ቢያነበው ግን መረጃ ይሆናል። እሷ አልተስማማችም። «አይ ጋሼ፣ ልጅ ያንብበው፤ የሰባት ዓመት ልጅ» አለች። አሁንም እየተከራከርን ነው።

«ከመጻሕፍቱና ከዘውዱ ጋር» ያልኩትን ላብራራ፤ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የማይገባ ነውና። የመቅደላ ዝርፊያ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ፤ ለማጓጓዝ አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ የሚጠጋ በቅሎ ፈጅቷል። በጨረታው ላይ ከዋናዎቹ ገዢዎች አንዱ ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ለሙዚየሙ አሰባሰበ። ከቴዎድሮስ መኝታ ክፍል የተገኘውን የኲርዓተ ርእሱን ሥዕል ግን ለራሱ አስቀረ፤ ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ። ከመቅደላ ብራናዎች ምርጥ የተባሉ ስድስቱ የገቡት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ዊንድዘር ግንብ ውስጥ ባለው የነገሥታቱ ቤተ መጻሕፍት። በ1870 የዚያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ተደርጎ የተሾመው ማን ይመስላችኋል? ሪቻርድ ሆምዝ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ እዚያ ሠራ። ልጁ በኖቬምበር 1879 ተቀብሮ ሲቀር፣ የአባቱን ቤት ከበረበሩት ሰዎች አንዱ እዚሁ ኮረብታ ላይ የመጻሕፍት ጠባቂ ነበር። ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ቢፈጥር «አበዛኸው» ብዬ አስተካክል እለው ነበር።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ስለ መቅደላ ስንጽፍ እኛም የጆሮ መሪ እንደመሰለ እንሄዳለን፤ ቴዎድሮስ ጋ እንቆማለን፣ ሽጉጡ ጋ እንቆማለን፣ ዘውዱ ጋ እንቆማለን፤ ልጁ የሚቀጥለው ቁጥር ላይ ነው፣ ጊዜ አልቋል። የአባቱ ሞት ለቲያትር ይመቻል። የልጁ ኑሮ ለቲያትር አይመችም፤ ድርጊቱ ትምህርት ቤት መቀያየር ነው፤ ጠላቱ ደግ ሰዎች ናቸው። ስለ ጥሩወርቅማ ማን ያወራል? ጨለቆት መቃብሯ ጋ የሚቆም ስንት ሰው ነው? እናትና ልጅ በሁለት አገር አፈር ተለያይተው ነው ያሉት።

የጽሑፌ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያስቸገረኝ ለዚህ ነው። «አገሩ እንዲመለስላት ጠይቃለች» ብሎ ማቆም ያልጨረሱት ነገር ይመስላል። በ2007፣ የኛ ሚሌኒየም ሲቃረብ፣ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የልጁ አጽም እንዲመለስ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በ2023 ጥያቄው እንደገና ሲነሣ ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ፣ በአካባቢው የተቀበሩ ብዙ ሌሎች ሰዎችን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነው፤ የኢትዮጵያ ልዑካን መጥተው እንዲጎበኙ ግን ከዚህ ቀደም እንደተፈቀደ አስረዱ። መልሱ ጨዋ ነው። ችግሩም ሊኖር ይችላል፤ ልጁ ለብቻው አልተኛም። ሆኖም ሄንሪና ቻርልስ የተኙበት ጉድጓድ እዚሁ በ1813 ተከፍቶ ሣጥኑ ታይቷል፤ ለማወቅ ጉጉት ብቻ። ጉጉት ከቻለ ጥያቄ ለምን አይችልም እላለሁ፤ ይኼ የኔ ነው፣ ማዳመጫ ውስጥ አይገባም።

የቴዎድሮስ ጠጉር በ2019 ለንደን ካለው የጦር ሙዚየም ለኢትዮጵያ ተመልሷል። በዚያው በ2023፣ መልሱ ከተሰጠ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ በባሻ ፈለቀ ቤተሰብ እጅ የቆየ የልጁ የዓለማየሁ ጠጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተላልፎ ተሰጠ። ዕፍኝ የማይሞላ ጠጉር ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መጣ። የእህቴ ልጅም እሱን አልተከራከረችኝም። አሁን የጽሑፉ መጨረሻ እንዲህ ይነበባል፦ «አገሩ እንዲመለስላት ጠይቃለች። ከጠጉሩ በቀር እስካሁን እዚህ ነው። ለመቀጠል የሚቀጥለውን ቁጥር ይጫኑ።»